ፒያኖ ለቆሎ ተማሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲቃረብ ግን ጋቢውን አጣጥፎ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ከሚያልፈው ብርድ 1300 ሜትር ገደማ ወዳለው የይፋት ቆላ መውረድ ጊዜ አይፈጅም። ማንጎው፣ ሽንኩርቱና ማሾው በመንገድ ዳር መታየት ሲጀምር ሮቢ ወንዝ ቀርቧል ማለት ነው። መስከረም ከገባ በኋላ በዚህ መንገድ የሚያልፈው አውቶቡስ ብዛት ለብቻው ነው። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ትነግሣለችና ከመሀል አገር የሚመጣው ምእመን በይፋት አልፎ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ አምባሰል ይዘልቃል።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ግሸን ከገቡት መካከል አንዲት የአዲስ አበባ ወጣት ነበሩ። ፒያኖና ቫዮሊን የተማሩ፣ አውሮፓን የሚያውቁ፣ የታላቅ ሰው ልጅ። በኋላ ዓለም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ብሎ ያወቃቸው እኚህ ሴት ሙዚቃን ትተው ነበር ወደ ተራራው የወጡት። ሙዚቃው ግን አልተዋቸውም፤ ኋላ የተመለሱበት ለራሳቸው ዝና ሳይሆን ለድሆች ገንዘብ ለማግኘት ነው።

ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያሰባስብ ሙዚቃ በየአገሩ የየራሱ መልክ አለው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አንዱ የታወቀው መልክ የሲኒማ ቤት ኦርጋን ኮንሰርት ነው። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ሮበርት ሆፕ ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን በኤሌክትሪክ አሻሽሎ ከበሮውን፣ ደወሉንና የፈረስ ኮቴውን ሁሉ በአንድ ሰው እጅና እግር ሥር አደረገው። ዉርሊትዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንዲህ ያሉትን ኦርጋኖች ከ2000 በላይ ሠርቶ ሸጧል። እ.ኤ.አ. በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ኦርጋኑ ሥራ ፈታ። ብዙው ተነቀለ፣ ተሸጠ። የተረፉትን በጎ ፈቃደኞች እየጠገኑ፣ ቲኬት እየሸጡ ያስጫውቷቸዋል፤ ገቢውም ለመሣሪያው ጥገናና ለአካባቢው ችግረኞች ይውላል።

በእኛ አገር ኦርጋን ሲባል አድማጭ ጆሮ ላይ የሚመጣው ሌላ ነው፤ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በሒልተን ሆቴል ይጫወቱት የነበረው የኤሌክትሪክ ኦርጋን። ከቧንቧ የሚወጣው ትልቁ ኦርጋን ለኢትዮጵያ እንግዳ ነበር። ማኅሌታችን ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ እንጂ ኦርጋን አያውቅም። ሆኖም ፒያኖውንም ኦርጋኑንም ለድሃ ጥቅም ያዋለ ሰው ይፈለግ ከተባለ መልሱ እኚሁ መነኩሲት ናቸው።

የውብዳር ገብሩ ተብለው በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከእህታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ስንዱ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርትና በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ የሆኑት ናቸው። ታናሺቱ ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ፒያኖ ሲጫወት ሰሙና ልባቸው እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጦርነቱም መጣ። ፋሺስት ኢጣሊያ ቤተሰቡን በ1929 ዓ.ም. አስሮ መጀመሪያ አሲናራ ወደተባለችው ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለች መንደር አጋዘው። ከቤተሰባቸው ሦስት ሰዎች በጣሊያን እጅ ተገደሉ። ነፃነት ሲመለስ የውብዳር ወደ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ከተባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በየቀኑ ለረጅም ሰዓታት ተማሩ። ሙቀቱ ጤናቸውን ሲጎዳው መምህራቸውን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ኮንቶሮዊችም የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። የወጣቷ ምኞት ግን ለንደን ነበረ። ሄዶ የመማሩ ዕድል ተገኝቶ ሳለ ሳይሳካ ቀረ፤ እሳቸውም ምክንያቱን ሲናገሩ ፈቃድ መከልከላቸውን ብቻ ይጠቅሳሉ። እህል ውኃ አልቀምስም ብለው ተኙ፣ ለሞት ቀረቡ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። ሲነሱ የሚፈልጉት ሌላ ነበር።

ግሸን ላይ አሥር ዓመት ያህል በጭቃ ቤት ኖሩ። በ21 ዓመታቸው መነኰሱ፤ ጫማ አያደርጉም ነበር። በድንጋያማው አምባ በባዶ እግር መኖሩ እግራቸውን ጎድቶት ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ።

የታሪኩ ዋና ክፍል ከዚህ በኋላ፣ ጎንደር ላይ የሆነው ነው። እማሆይ በ1950ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት እዚያ ሰነበቱ። ጎንደር ለዜማ ሰው ትልቅ ከተማ ናት፤ በአታ ማርያም የአቋቋም ምስክር ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ጠዋትና ማታ የሚያዩአቸው ወጣቶች ነበሩ። ደበሎ የለበሱ፣ አኩፋዳ ያነገቱ፣ በደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች። ለምን እዚያ እንደሚያድሩ ጠየቁ፤ ማደሪያ ስለሌላቸው ነው የሚል መልስ አገኙ።

የቆሎ ተማሪን ሕይወት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ቢያንስ በወሬ ያውቀዋል። ልጁ ወላጆቹ እንዳይመልሱት ከቀዬው ርቆ ይሄዳል። ቀን ይለምናል፣ ሌሊት በጨረቃ ወይም በጭራሮ ብርሃን ቀለም ይቆጥራል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በየደጃፉ የሚቀበለው አንዳንዴ ቁራሽ እንጀራ፣ አንዳንዴ ውሻ ነው። ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን አውቆ ለመምህርነት እስኪበቃ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ መንግሥት አይቀልበው፣ ዩኒቨርሲቲ አያስተናግደው። ይፋት ውስጥ የዚህ እኩያ ደረሳው ነው። ከሸኹ ሥር ቁርአኑንና ኪታቡን የሚቀራው ወጣትም እንደ ቆሎ ተማሪው በአካባቢው ሰው እጅ ነው የሚኖረው። የይፋት ሱልጣኖች ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በገነኑበት፣ ጥንታዊው የጎዜ መስጊድ ዛሬም በሚገኝበት በዚህ ቆላ ደረሳን ማብላት የጎረቤት ግዴታ ያህል ነው። ተማሪን የመቀለቡ ወግ ከሁለቱም ሃይማኖት ደጅ አይጠፋም፤ የሚለያየው የልመናው ቃል ብቻ ነው።

እማሆይ እነዚያን ወጣቶች አይተው የደረሱበት ውሳኔ ቀላል ነው፦ የምሰጠው ገንዘብ የለኝም፣ ግን ሙዚቃ አለኝ፤ ስለዚህ በሙዚቃው ይማሩ። በዚያው 1950ዎቹ ውስጥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን አገር ተቀዳ። በብቸኛ ፒያኖ የተጫወቱት የራሳቸው ድርሰት ነው፤ የአገር ቤቱ ቅኝትና የአውሮፓው ስልት አንዱ አንዱን ሳያሳድድ የሚሄድበት። ከዚያም ሌሎች ሸክላዎች ተከተሉ፤ ከሽያጩ የተገኘው ለወላጅ አልባ ሕጻናት ማሳደጊያ ውሏል፤ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች ልጆች ነበሩበት።

እዚህ ላይ ከሲኒማ ቤቱ ኦርጋን ጋር ያለውን ልዩነት ማየት ያስፈልጋል። የኦርጋኑ ኮንሰርት አዳራሽ ይፈልጋል፤ አዳራሹ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ካልመጣ ገንዘብ የለም። መነኩሲት በየአዳራሹ እየዞሩ መድረክ ላይ መታየት ደግሞ ለቆባቸው የሚስማማ አልነበረም። ሸክላው ችግሩን ፈታው። አንድ ጊዜ ተቀድቶ፣ ባለቤቱ ገዳም ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ የማያውቃቸው ሰው ጀርመን ወይም አሜሪካ ላይ ገዝቶት የኢትዮጵያ ሕጻን ይጠቀምበታል። ዘዴው ዛሬ ተራ ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ያሰበው ሰው ግን ብዙ አልነበረም።

ኦርጋኑንም አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የቀዱት ሥራ ላይ ከፒያኖው ሌላ ሃርሞኒየምና ባለቧንቧው ትልቅ ኦርጋን ይሰማል። ከያሬድ ማኅሌት የተነሳ ዜማ በአውሮፓውያን ኦርጋን ሲጎላ መስማት ለሊቃውንቱ ጆሮ ሊከብድ ይችላል። መነኩሲቱ ግን መሣሪያውን ወደ ቅኔ ማኅሌት አላስገቡትም፤ ዜማውን ይዘው ወደ መሣሪያው ሄዱ እንጂ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ኢትዮጵያና የበጎ አድራጎት ኮንሰርት ሲነሱ ግን ዓለም የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ጥቅምት 1977 የኮረም ሕዝብ የረሀብ ስቃይ በቢቢሲ ታየ፤ ሐምሌ 6 ቀን በዚያው ዓመት በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከዚያ በፊትም በ1966ቱ ረሀብ የወሎ ሰው የደሴውን መንገድ ይዞ የሚያልፍ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። በ1977ም ድርቁ የይፋትና ጥሙጋን አውራጃ አልማረም። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባለሙያዎች «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል ስም አውሮፓንና አሜሪካን ዞረው በሙዚቃና በውዝዋዜ ለተደረገው እርዳታ ምስጋና አቀረቡ። ቅርብ ጊዜም ቢሆን፣ በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠልና ሸዋ ሮቢት ስትጎዳ፣ በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ይፋት ሲደርስ፣ ተፈናቃዩን የተቀበለችው ደብረ ብርሃን ነበረች፤ ገንዘብ፣ ልብስና እህልም ከየአቅጣጫው ተዋጥቷል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን አብዛኛው የሚሰበሰበው እሳት ሲነሳ ነው፤ እሳቱ ሲጠፋ መዋጮውም ያቆማል። እማሆይ የመረጡት ችግር ካሜራ የሚስብ አልነበረም። በደጀ ሰላም የሚያድር ተማሪ ዛሬ አይሞትም፤ እንዲሁ ሲጎሳቆል ይኖራል እንጂ። ለእንዲህ ያለው ሰው በየዓመቱ ጥቂት የሚያስገባ ሸክላ ከአንድ ቀን ትልቅ ኮንሰርት ሊበልጥ ይችላል።

ደርግ ለእሳቸው ዓይነት ሰው አልተመቸም። እ.ኤ.አ. በ1984 ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም፣ ደብረ ገነት፣ ሄዱ፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ኖሩ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮጲክስ» ተከታታይ አልበሞች 21ኛውን በሙሉ ለእሳቸው ሲሰጥ፣ ያም እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር፣ ዓለም እንደ አዲስ አገኛቸው። በስማቸው የተቋቋመው የሙዚቃ ፋውንዴሽን ዓላማ ሙዚቃ መማር የሚፈልጉ፣ አቅም የሌላቸው ሕጻናትን ማገዝ ነው። 90 ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማያ ዱኒትዝ የተባለች እስራኤላዊት ሙዚቀኛ ድርሰቶቻቸውን በኖታ መጽሐፍ እንዲታተሙ አደረገች፤ ኢየሩሳሌም ላይም ኮንሰርት ተዘጋጀላቸው። ሥራዎቻቸው «ፓሲንግ»ን በመሰሉ የአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ገብተዋል። ከ150 በላይ ድርሰት ትተው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ።

አገር ቤት ግን ስማቸው ከዝናቸው ያንሳል። ኖታው ታትሟል፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሊጫወቱት የሚችሉት ነው፤ ፒያኖ ባይገኝ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ በየከተማው አለ። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢትና ደሴ ያሉ የባህል ክፍሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ዕድሮች በዓመት አንድ ምሽት የእማሆይን ሥራ አሰምተው ገቢውን ለአካባቢው የቆሎ ተማሪና ደረሳ ቢያውሉት ማንም አይከለክላቸውም። መነኩሲቱ ያን ገንዘብ የፈለጉት ለዚሁ ነበርና።