ቁልፍ መመለስ ዕዳ አልሰረዘም

በእንግሊዝ አገር በ1980 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የወጣው የቤቶች ሕግ የካውንስል ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙ ፈቀደ። የለንደን የቤት ዋጋም ይንር ስለ ነበር፣ ብዙ ሰው «ነገ ይወደዳል» እያለ ከአቅሙ በላይ ተበድሮ ገዛ። በ1989 መጨረሻ ግን ወለድ 15 በመቶ ገደማ ደረሰ። የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ሥራም ጠፋ። በ1991 ብቻ በመላው ብሪታንያ ከ75 ሺህ የሚበልጡ ቤቶች በአበዳሪዎች ተወሰዱ።

ወርኃዊው ክፍያ ካቃታቸው አንዳንዶቹ ቁልፉን ለአበዳሪው መልሰው ወጡ። ያም አላዳናቸውም። ቤቱ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ፣ የጎደለውን ገንዘብ ከዓመታት በኋላ ሳይቀር ተጠየቁ።

ሕጉ ግን ሌላ በር ነበረው። ተበዳሪው ውዝፉን በተገቢ ጊዜ ውስጥ ሊከፍል እንደሚችል ዳኛው ካመነ፣ ቤቱን ማስረከቡ እንዲዘገይ ለማዘዝ የ1970ው አዋጅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በ1995 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ ጊዜ እስከ ብድሩ ዘመን ፍጻሜ ሊደርስ እንደሚችል ወሰነ።

ይህ እፎይታ የሚገኘው ግን ችሎት ቀርቦ ገቢና ወጪውን በወረቀት ላስረዳ ሰው ነው። ከባንክ የመጣን ደብዳቤ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ዛሬም ይህን ዕድል በገዛ እጅ መጣል ነው።