ባሕር፣ ሐይቅና ጨው፤ የውኃ እንስሳት መኖሪያ በሕፃናት ትምህርት ውስጥ

በአዲስ ከተማ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በመርካቶ ተራዎች መካከል የሚያልፍ ሰው የልዩ ልዩ ውኃዎችን ውጤት በአንድ ገበያ ውስጥ ያገኛል። ከአፋር በረሓ የመጣው ጨው በጆንያ ይራገፋል፤ ከውቅያኖስ የወጣው ሰርዲን በቆርቆሮ ታሽጎ በመደርደሪያ ላይ ይቆማል፤ በጾም ወራት ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተጠመደ ዓሣ በከተማው በብዛት ይፈለጋል። በዚሁ ሰፈር የሚያድጉት ሕፃናት ሦስቱንም በስማቸው ያውቋቸዋል። ሰርዲኑ በሐይቅ ውስጥ፣ የሐይቁም ዓሣ በውቅያኖስ ውስጥ ለምን እንደማይኖር ግን በቀላሉ የሚያስረዳቸው አያገኙም። ይህ ጉድለት የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ትውልድ አይደለም፤ የራሱ ታሪክ አለው።

ታሪኩ ከቋንቋ ይጀምራል። በአማርኛ «ባሕር» የሚለው ስም ውኃውን የሚለየው በስፋቱ እንጂ በጨዋማነቱ አይደለም። ባሕረ ነጋሽ ይባል የነበረው ሹም ያስተዳድር የነበረው ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደውን የሰሜን አገር ሲሆን፣ ባሕር ዳር የተባለችው ከተማ የምትገኘው ግን ጨው በሌለው በጣና ዳርቻ ነው። ከማዶ የመጣም ነገር የባሕር ስም ይሰጠው ነበር፤ ባሕር ዛፍና የባሕር ማሽላ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። «ሐይቅ» የሚለውም ቃል በግእዝ የውኃን ዳርቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ የዛሬ ትርጉሙን ያገኘው በአማርኛ ነው። ስለዚህም የትምህርት መጻሕፍት ሁለቱን ውኃዎች በጨዋቸው መለየት ባስፈለጋቸው ጊዜ «ጨዋማ ውኃ» እና «ጨው አልባ ውኃ» የሚሉ ጥምር ስሞችን ለመጠቀም ተገደዱ።

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ስለ ባሕር ፍጥረታት የሚያስተምር አልነበረም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በየአድባራቱ ቅጥር ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ሕፃን በ103ኛው መዝሙር ስለ ሰፊው ባሕርና በውስጡ ስለሚመላለሱት ትናንሽና ታላላቅ እንስሳት ያነብ ነበር። የሥነ ፍጥረት ትምህርት የውኃ ፍጥረታት በዕለተ ሐሙስ እንደ ተፈጠሩ ይነግረዋል። በጾመ ነነዌም የዮናስንና የዓሣ አንበሪውን ታሪክ ይሰማል፤ ከራጉኤል ብዙ ሳይርቅ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ የሚያድገው ሕፃንም ይህንኑ ታሪክ በነቢዩ ዩኑስ ስም ይማረዋል። ከዚህም ሌላ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመውና ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትስ ሆመል እ.ኤ.አ. በ1877 ያሳተመው ፊሳልጎስ፣ መርከበኞች ደሴት መስሏቸው የሚያርፉበትን ታላቅ የባሕር እንስሳ ይተርካል። የመጽሐፉ ዓላማ ግን በእንስሳው ምሳሌነት ምግባርን ማስተማር ነበርና እንስሳው የሚኖርበት ውኃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ መመርመር ሥራው አልነበረም። ከዚህ ትምህርት የወጣ ልጅ ባሕርን ዓይቶት ሳያውቅ ያከብረው ነበር፤ በባሕሩና በሐይቁ መካከል ያለውን ልዩነት ግን እንዲጠይቅ የሚያደርገው ምክንያት አልነበረም።

በአውሮፓ የዚህ ጥያቄ መልስ ለሕዝብ በመስታወት ውስጥ ታየ። በለንደን የአራዊት ማኖሪያ እ.ኤ.አ. በ1853 የመጀመሪያው ሕዝባዊ የዓሣ ቤት ሲከፈት፣ ሕፃናት የባሕሩንና የወንዙን እንስሳት በየራሳቸው ውኃ ውስጥ ሲኖሩ ለማየት ቻሉ። በኢትዮጵያ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ከተከፈተ በኋላ ዘመናዊው ትምህርት ቢስፋፋም፣ ለብዙ ዘመን መጻሕፍቱ በውጭ ቋንቋ ተጽፈው ከውጭ የመጡ ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ቃላቱ ለሕፃናቱ ቀረቡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ትንንሾቹ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ የአካባቢ ሳይንስ የተባለውም ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ገባ። ነገር ግን በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር በሆነች ጊዜ ቀይ ባሕር ከኢትዮጵያ ካርታ ወጥቶ ስለ ነበር፣ የዚህ ዘመን ሕፃን የሚማርበት አካባቢ ባሕር የሌለበት አካባቢ ሆነ። ከዚያም የተነሣ ጨዋማ ውኃ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል አሳብ በቀላሉ ሊያድር ቻለ።

ይህን አሳብ የሚያፈርሰው የመርካቶ ጨው ነው። መርካቶ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከአሳሌ እየተቆረጠ በግመል የሚወጣው አሞሌ ለወጥም ለገንዘብም ያገለግል ነበር። ኋላም የአሰብና የምጽዋ የባሕር ጨው ገበያውን ያዘ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የአፍዴራ ሐይቅ ጨው ቦታውን ተካ። እንግዲህ ባሕር የሌላት አገር ጨዋን ከራሷ ውኃ ታገኛለች ማለት ነው። የአፋር ዝቅተኛ ምድር በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ይገባበት እንደ ነበር በዳርቻው የሚገኙት ቅሪተ አካል ኮራሎች ያስረዳሉ። ባሕሩ ተቆርጦ ውኃው ሲተን የቀረው ጨው ነው። ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው አፍዴራም ከውቅያኖስ ይልቅ እጅግ ጨዋማ ነው።

ይሁንና አፍዴራ ሕይወት የሌለበት አይደለም። በዳርቻው ፍል ውኃ በሚፈስባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ሁለት ትናንሽ የዓሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1931 በሳይንስ ሲመዘገብ በደንከል በረሓ በተጓዘው ጣሊያናዊ በፍራንኬቲ ስም ተሰየመ፤ ሁለተኛውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁንና ባልደረባቸው ላዛራ ናቸው። በመርካቶ በኪሎ የሚመዘነው ጨው የሚወጣበት ሐይቅ ስለ እንስሳት መኖሪያ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ያስፈልገዋል?

ምክንያቱ ለሕፃን ሊነገር የማይችል ረቂቅ አይደለም። በአንድ ሊትር የውቅያኖስ ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል፤ ጨው አልባ በሚባለው ውኃ ግን አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። የአብዛኛው ዓሣ ደም በሁለቱ መካከል ሆኖ የባሕሩን ውኃ ሲሶ ያህል ጨው ይይዛል። ውኃ ደግሞ በስስ ሽፋን ውስጥ አልፎ ጨው ወደሚበዛበት ወገን ይሄዳል። ስለዚህ የሐይቁ ዓሣ ሳይጠጣ ውኃ ይገባበታልና ትርፉን በሽንት ሲያስወጣ ይኖራል፤ የባሕሩ ዓሣ ግን ውኃው ከሰውነቱ እየወጣ ስለሚያስቸግረው ባሕሩን ይጠጣል፣ ጨውንም በመተንፈሻው በኩል መልሶ ያስወጣል። ሁለቱም ሌት ተቀን እንደሚሠራ ፓምፕ ናቸው፤ የሚገፉበት አቅጣጫ ግን ተቃራኒ ነው። ቦታቸውን ቢለዋወጡ አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን አለማስተዋል የሚያስከትለው ጉዳት በአብያታ ታይቷል። አብያታ መውጫ የሌለው ጥልቀቱም አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ሲሆን፣ ጨው አልባ ውኃ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ይደርሰው ነበር። በአጠገቡ ያለው ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅና ዓሣ የማይበዛበት ሐይቅ ነው። ፔሊካኖች አውሬ በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ ዓሣቸውን ከአብያታ ያጠምዱ ነበር። የዝዋይና የቡልቡላ ውኃ ለመስኖ እየተቀዳ፣ የአብያታም ውኃ ለሶዳ አሽ ምርት እየተሳበ፣ ድርቅም ተጨምሮበት ሐይቁ ሲሸሽ፣ የቀረው ውኃ ጨዋማነት እየበረታ ሄደ። ቀረሶ ጨውን በመጠኑ የሚችል ዓሣ ቢሆንም ችሎታው ወሰን አለውና ከሐይቁ ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ምግባቸውን ተከትለው ተመናመኑ። ፓምፑን የተከሉት ሰዎች የቀዱትን ውኃ በሜትር ኩብ ለክተውት ይሆናል። በቀረው ሊትር ውስጥ የጨመረውን ጨው ከሒሳብ ማስገባት ግን ሌላ ዓይነት ትምህርት ይጠይቃል፤ ይህም ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በመጀመሪያ ደረጃ መጀመር ያለበት ነው።

ለዚህም መሣሪያው በእጅ ያለ ነው። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር ጥልቀታቸውንና የውኃቸውን ቅመም አጥንተው ያሳተሙላቸው የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ይገኛሉ። ከእነርሱ መካከል በሆራና በባቦጋያ ዓሣ ይኖራል፤ በአረንጓዴ ሐይቅ ግን የሶዳ ጨው ስለሚበዛበት ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ስፒሩሊና የተባለው ረቂቅ ተክል መሰል ፍጥረት ይለመልማል፣ እርሱን የሚመገቡ ፍላሚንጎዎችም ይመጣሉ። ሕፃናት በአንድ ቀን ጉዞ ሁለቱንም መኖሪያዎች ለማየት ይችላሉ።

ለጉዞ አቅም የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ከራጉኤል አጠገብ ከሚሸጠው ጨው ጥቂት ቢገዛ ይበቃዋል። በአንድ ዕቃ ንጹሕ ውኃ፣ በሁለተኛው በሊትር 35 ግራም ጨው፣ በሦስተኛው ጨው እስኪጠግብ ድረስ የተበጠበጠ ውኃ ይቀመጥ። አዲስ እንቁላል በሁለቱ ውስጥ ይሰጥማል፤ በሦስተኛው ይንሳፈፋል። ስስ የድንች ቁራጭም በንጹሑ ውኃ ውስጥ ሲጠነክር በጨዋማዎቹ ውስጥ ይልመሰመሳል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ሐይቁን፣ ባሕሩንና አፍዴራን ለይቶ በእጁ ይዳስሳቸዋል፤ ዓሣው ለምን ቦታውን እንደማይለቅም ያለ ብዙ ቃል ይገባዋል። ነገ ከሐይቅ ዳር ፓምፕ እንዲተክል ሲታዘዝም፣ ከውኃው ጋር ሌላ ምን እንደሚቀዳ አስቀድሞ ይጠይቃል።