ቺንጊያ፦ ከስፌት መኪና እስከ ኮሮላ

አማርኛችን ለሁለት የብረት እንግዶች አንድ ስም ሰጥቷል። መርካቶ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ የምትወጋውም «መኪና» ናት፤ አስፋልት ላይ የምትከንፈውም «መኪና» ናት። ከጣሊያንኛው «ማኪና» ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል ልብስ ሰፊውንም ሹፌሩንም እኩል ሲያገለግል ኖሯል። እኔም የስሙን መመሳሰል እንደ ዋዛ አልፌው ነበር። ባለፈው ጥቅምት አሮጌዋን ኮሮላዬን በግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንሥቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተሯን ጥርሳም ቺንጊያ በገዛ እጄ ለመቀየር ስሰናዳ ግን፣ ለካስ ሁለቱ መኪኖች ከስም ያለፈ ዝምድና አላቸው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። መኪናዋን የገዛሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነበር፤ አውሮፓ ስትነዳ ኖራ የመጣች ናት። ሻጩ ቆጣሪዋን እያሳየኝ «ገና ልጅ ናት፤ 112 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው። ቺንጊያዋም 100 ሺህ ላይ ተቀይሯል» አለኝ። አመንኩት። በቅርቡ ሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረተኛ መካኒክ፣ እኛ «ጋሼ» የምንላቸው፣ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ «የታይም ቺንጊያው መቼ ተቀየረ?» አሉኝ።

«100 ሺህ ላይ።»

«ማን ጻፈው?»

መልስ አልነበረኝም። ጋዜጠኝነት ስማር መምህሮቻችን ከሁሉ አስቀድመው ያስያዙን ነገር ቢኖር «ምንጩ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ለገዛ መኪናዬ ግን አልጠየቅኩም።

ቺንጊያ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ኮፈኑ ሲከፈት በጎን በኩል የሚሽከረከረው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። በክዳን ተሸፍኖ የሚኖር፣ በውስጥ ጎኑ ጥርስ ያበቀለ የጎማ ቀበቶ ነው። ሥራው ጊዜ ማስጠበቅ ነው። ፒስተኖቹን የሚያወጣና የሚያወርደው ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ቀበቶው ሁለቱን አስሮ ይህን ልክ ያስጠብቃል። ድንገት ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ክፍት ከቀረው ቫልቭ ጋር ይጋጭና ቫልቩ ይጣመማል፤ አንድ ቀበቶ ይበቃው የነበረው ሥራ ሞተር ወደ ማውረድ ይሻገራል። የእኔዋ 1600 ሲሲ ሞተር ከመቆም በቀር እንዲህ ያለ ጉዳት እንደማይደርስባት የተረዳሁት በኋላ ነው። ከኋላ ከባድ መኪና እየተከተለ ዳገት መሐል መቆም ግን መቼም ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ቀበቶ የተወለደው ጋራዥ ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጊልመር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጥርሳሙን ቀበቶ ሲያበጅ የታሰበው ለልብስ ስፌት መኪና ነበር። ስፌት የሚያምረው ከላይ የሚወርደው መርፌና ከታች ክሩን የሚቀበለው መንጠቆ ሳይተላለፉ ሲገናኙ ነው። ለስላሳ ቀበቶ ይንሸራተታል፤ ሰንሰለት ደግሞ ይንጫጫል፣ ዘይትም ይጠጣል፣ ዘይት ባለበት ጨርቅ አይነጻም። ጎማው ላይ ጥርስ ማውጣት ሁለቱንም ችግር ፈታ። መርፌና መንጠቆ፣ ፒስተንና ቫልቭ፦ ጥያቄው አንድ ነውና መልሱም ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው መኪና ለመሻገር ብዙ አልቆየም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ቢል ዴቪን የተባለው አሜሪካዊ የውድድር መኪና ሠሪ ቀበቶውን በአንዲት አነስተኛ የፓናር ሞተር ላይ ተጠቀመበት። በብዛት በሚመረት መኪና ላይ የታየው ደግሞ በ1962 ነው። ያመጡት ስማቸው የገነነው ታላላቅ ፋብሪካዎች አልነበሩም፤ በባቫሪያ ዲንጎልፊንግ በምትባል ከተማ የእርሻ መሣሪያ ሲሠራ የኖረ ግላስ የተባለ የቤተሰብ ኩባንያ ነው። መኪናዋም ግላስ 1004 ትባላለች። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ብዙ አልሰነበተም፤ በ1966 ቢ ኤም ደብልዩ ገዛው። ዘሩ ግን ተበትኖ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ፖንቲያክ፣ በጣሊያን ፊያት ባለ ቀበቶ ሞተር ይዘው ብቅ አሉ። የፊያት 124 ስፖርትን ሞተር የነደፈው ቀድሞ ለፌራሪ ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ሰፈር ይጠጋል። የአዲስ አበባን ታክሲ ተራ ለብዙ ዓመታት የሞላችው ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ የስፖርቱ ሳይሆን የተራው። ቀዳሚዋ የላዳ ሞዴል፣ 2101፣ ካም ሻፍቷን የምታዞረው በሰንሰለት ነበር። ሶቪየቶቹ ወደ ጥርሳም ቀበቶ የመጡት በ1980 ገደማ፣ 2105ን ሲያወጡ ነው። ጋሼ ሰንሰለቱን «ካቴና» ይሉታል። ቃሉ በጣሊያንኛ ሰንሰለት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ የእጅ እስር ሆነ፣ ጋራዥ ሲገባ የሞተር ክፍል ሆነ።

ጋሼ ሙያውን የለመዱት ከድል በኋላ አገር ውስጥ ከቀሩት ጣሊያኖች በአንዱ ጋራዥ፣ በልጅነታቸው ቁልፍ በማቀበል ነው። ያን ቅዳሜ እኔ መመሪያውን በእንግሊዝኛ ሳነብ እሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ይመልሱልኛል፦ ክሪክ፣ ቡሾላ፣ ካቻቪቴ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ። በ1928 ዓ.ም. የገባው ጦር በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ቀሩ። ከቃላቱ ጋር ሙያውም ቀረ፤ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ በወረቀት ሳይሰፍር።

ሥራው እንዲህ ሄደ። የባትሪውን ገመድ ፈታን፤ የቀኙን የፊት ጎማ አወለቅን፤ የውጪዎቹን ቺንጊያዎች አነሣን። ሞተሩን ከሥር በጣውላና በክሪክ ደግፈን የቀኝ በኩል መያዣውን ፈታን። ካንዴላዎቹንና የቫልቩን ክዳን ካወረድን በኋላ ሞተሩን በእጅ አዙረን የክራንኩን ምልክት ከዜሮ ጋር፣ በካም ሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ከምልክቷ ጋር አገጣጠምን። የክራንኩ ብሎን ግን አሻፈረኝ አለ። የቁልፉን እጀታ በብረት ቱቦ አስረዝመን፣ ሁለት ሰዓት ታግለን ነው የላላልን።

ምስክሩን ያገኘሁት በዚህ መሐል ነው። በላይኛው ክዳን ላይ የተጋገረውን ዘይትና አቧራ በጨርቅ ስጠርግ ከሥሩ አንዲት የተለጠፈች ወረቀት ብቅ አለች። ቺንጊያውን የቀየረ አንድ የአውሮፓ መካኒክ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፎባታል። ዓመቱ 2009 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2001 መሆኑ ነው። ኪሎ ሜትሩ 187 ሺህ ይላል።

እኔ ስገዛት 112 ሺህ የነበረች መኪና፣ ከእኔ በፊት ከአሥር ዓመት ቀድማ 187 ሺህ ሄዳ ነበር።

ጋሼ ወረቀቷን አይተው ብዙም አልገረማቸው። «ሞተር አይዋሽም ልጄ፤ የሚዋሸው ቆጣሪ ነው» አሉ። አሮጌውን ቺንጊያ አውጥተው ወደ ኋላ ሲያጥፉት በጥርሶቹ ሥር የተሰነጣጠቀው ጎማ ታየ። ቺንጊያ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል፤ ቆማ የከረመች መኪናም ቀበቶዋ አይተርፍም። በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ «ቀይሩኝ» የምትል መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ትበራለች። መብራቷ የምታምነው ግን ያንኑ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ወደ ኋላ ከተመለሰ መብራቷም ሳታውቀው ተባባሪ ትሆናለች።

አዲሱን ቺንጊያ አስገባሁ፤ መወጠሪያውን ለቀቅሁ፤ ደንቡ እንደሚያዘው ክራንኩን ሁለት ዙር በእጅ አዞርኩ። ምልክቶቹ አልገጠሙም። አንዲት ጥርስ ስቻለሁ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ ቁልፉን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። እንደገና ፈትቼ፣ እንደገና አስገብቼ፣ እንደገና ሁለት ዙር። በዚህ ጊዜ ገጠመ። ሁሉንም መልሰን አስረን ቁልፉን ስጠመዝዘው ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ፤ ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር የደነገጠ አልነበረም።

በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነግሯል። የኤሌክትሪክ መኪና ቫልቭ ስለሌለው የታይም ቺንጊያም የለውም። ቪትዝን የመሰሉት ደግሞ ቀድመው ወደ ካቴና ተመልሰዋል። እንግዲህ በየግቢያችን የቆሙት ባለ ቀበቶ መኪኖች አብረውን የሚያረጁ ናቸው፤ እየተጠገኑ መኖራቸው አይቀርም። የሚጠግኗቸው እጆች ግን እያለፉ ነው። ጋሼን «በሥራ ዘመንዎ የጠገኗቸውን መኪኖች የጻፉበት ደብተር አለ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። በዘይት በጠቆረ ጣታቸው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «ሁሉም እዚህ ነው።»

ወረቀት ቆርጬ በአማርኛ ጻፍኩ፦ ቀኑን፣ በቆጣሪው ላይ የሚታየውን ኪሎ ሜትር፣ ከሥሩም «ቆጣሪው አይታመን፤ በ2001 ዓ.ም. 187 ሺህ ነበረች» የሚል። ከአውሮፓዊው መካኒክ ወረቀት አጠገብ ልለጥፈው ስል ጋሼ «አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው።

«ጎደለው» አሉ። «የተሳተውም ይጻፍ።»

አንድ መስመር ጨመርኩበት፦ «አንዲት ጥርስ ስታ ነበር፤ ታርማለች።»