ነል በውሁድ የዳታ ዓይነቶች

ነል በኤስኪውኤል የዳታቤዝ ቋንቋ አንድ እሴት እንደሌለ ወይም እንደማይታወቅ የሚያመለክት ምልክት ነው። ከዜሮም ሆነ ከባዶ ጽሑፍ ይለያል። ውሁድ የዳታ ዓይነት ደግሞ በርካታ መስኮችን በአንድነት የሚይዝ ዓይነት ነው፤ ለምሳሌ «ከተማ» እና «የቤት ቁጥር» የተባሉ ሁለት መስኮች ያሉት «አድራሻ»። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ጨርሶ የሌለ አድራሻና መስኮቹ ሁሉ ነል የሆኑ አድራሻ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

የደረጃው ደንብ

በኤስኪውኤል ደረጃ መሠረት «ኢዝ ነል» የሚለው ፍተሻ እውነት የሚሆነው ሁሉም መስኮች ነል ሲሆኑ ነው። «ኢዝ ኖት ነል» እውነት የሚሆነው ደግሞ አንድም መስክ ነል ካልሆነ ነው። ስለዚህ ለውሁድ እሴት ሁለቱ ፍተሻዎች ተቃራኒ አይደሉም፦

• (ሐረር፣ 12)፦ «ኢዝ ነል» ሐሰት፣ «ኢዝ ኖት ነል» እውነት
• (ነል፣ ነል)፦ «ኢዝ ነል» እውነት፣ «ኢዝ ኖት ነል» ሐሰት
• (ሐረር፣ ነል)፦ ሁለቱም ሐሰት

ሦስተኛው ሁኔታ አደገኛ ነው። አድራሻ ያላቸውን ሰዎች በአንድ መጠይቅ፣ የሌላቸውን በሌላ መጠይቅ የሚያወጣ ፕሮግራም፣ የቤት ቁጥሩ ብቻ ያልተሞላለትን ሰው በሁለቱም ዝርዝር አያገኘውም። ዳታቤዙም ምንም የስህተት መልእክት አይሰጥም።

በፖስትግሬስኪውኤል

ፖስትግሬስኪውኤል በእነዚህ ሁለት ፍተሻዎች ደረጃውን ይከተላል። በሌሎች ቦታዎች ግን ራሱ ነል የሆነን ውሁድ እሴት መስኮቹ ብቻ ነል ከሆኑት ይለያል። ለምሳሌ (ነል፣ ነል) «ኖት ነል» የሚል ገደብ ባለው ዓምድ ውስጥ ይገባል። ከተሰጡት እሴቶች መካከል ነል ያልሆነውን የመጀመሪያ እሴት የሚመልሰው «ኮአለስ»ም (ነል፣ ነል)ን እንዳለ እሴት ቆጥሮ ይመልሰዋል።

ማወዳደርም የራሱ ደንብ አለው። በተለምዶ ነል ከነል ጋር ሲወዳደር ውጤቱ «አይታወቅም» ነው። የውሁድ ዓይነት ዓምዶች ሲወዳደሩ ግን ሁለት ነል መስኮች እኩል ይቆጠራሉ፤ ነል ከማንኛውም ሌላ እሴት ይበልጣል። ይህ የሆነው መደርደርና ኢንዴክስ ወጥ ቅደም ተከተል ስለሚፈልጉ ነው።

መፍትሔዎች

• እሴቱ ራሱ መኖሩን ለማወቅ «ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም ነል» ይሠራል።
• ቢያንስ አንድ መስክ የተሞላላቸውን ለማውጣት «ኖት (አድራሻ ኢዝ ነል)» ይጻፋል።
• አንድ መስክ የግድ መሞላት ካለበት፣ በ«ቼክ» ገደብ መስኩን ለይቶ መፈተሽ ወይም መስኩን ራሱን የቻለ ዓምድ ማድረግ ይቻላል።