ዝም ያለው ፕሪንተር

መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ኮሪደሩ ላይ አንድ ትልቅ ማሽን ነበር። ያትማል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ስካን ያደርጋል። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንገባ ወረቀቱ ከትሪው ተርፎ መሬት ላይ ተዘርግፎ አገኘነው። ገጹ ሁሉ ባዶ ነው፤ አናቱ ላይ ብቻ ትርጉም የሌለው አንድ መስመር የላቲን ፊደልና ምልክት አለ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አማተቡ። የአይቲው ልጅ መጣ፣ ሶኬቱን ነቀለ፣ ትንሽ ጠበቀና መልሶ ሰካው። «አሁን ደህና ነው» አለ። ወረቀቱን ለማስታወሻ ተከፋፈልነው። እኔ እንዲያውም ለወራት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት በሱ ጀርባ ነው።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ብዙ የኔትወርክ ፕሪንተሮች 9100 በሚባል ፖርት የመጣላቸውን ሁሉ ያትማሉ፤ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ የለም። ፕሪንተሩ በቀጥታ ለኢንተርኔት ከተጋለጠ፣ ከዓለም ጫፍ ሆኖ በር የሚያንኳኳ ፕሮግራም ሁሉ ማንኳኳቱ ወረቀት ላይ ይወጣል። በፈረንጆቹ 2018 አንድ ሰው በዚሁ መንገድ ወደ 50,000 የሚጠጉ ፕሪንተሮችን ለአንድ የዩቲዩብ ቻናል ማስታወቂያ አሳትሟቸዋል። ሰው ሳቀ፣ አለፈ።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ታሪኩን መቆፈር ያዝኩ። ለካ የቢሮ ማሽንን ማንም ስለማይጠረጥረው ሰላዮች ከጥንት ይወዱታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲአይኤ በዋሽንግተን የሶቪየት ኤምባሲ ዜሮክስ ማሽን ውስጥ ትንሽ ካሜራ አስቀመጠ። ፊልሙን የሚቀይረው ሊጠግን የሚመጣው ቴክኒሻን ነው። ማን ነው የጥገና ሠራተኛን የሚፈትሽ? ሶቪየቶቹም ብድራቸውን አልተውም። በ1984 አሜሪካኖች የሞስኮ ኤምባሲያቸውን ዕቃ ጠራርገው አገራቸው ወስደው በኤክስሬይ ሲያዩት፣ የጽሕፈት መኪናዎቹ ሆድ ውስጥ የተመታውን ፊደል በሬዲዮ የሚልክ መሣሪያ ተቀብሮ ተገኘ። የሌኒንግራዱን ቆንስላ ጨምሮ 16 መኪናዎች። ለስምንት ዓመት ያህል ሲሰማ የኖረ ጆሮ ማለት ነው።

ከሁሉም እንቅልፍ የነሳኝ ግን የዳካው ነው።

የባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 10ኛ ፎቅ ላይ፣ ጥበቃው የጠበቀ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ፕሪንተር አለ። ሥራው በስዊፍት የሚገባና የሚወጣውን የገንዘብ መልእክት ሌት ተቀን ማተም ነው። የካቲት 2016 (አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው)፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ተረኞቹ ሲገቡ ትሪው ባዶ ነው። ፕሪንተሩ አይሠራም። ምን አሉ? እኛ ያልነውን። «ያው እንደ ወትሮው ተበላሽቷል።»

አልተበላሸም፣ አፉን አስይዘውት ነው። ሌቦቹ ከአንድ ዓመት በፊት የሥራ ማመልከቻ በሚመስል ኢሜይል ገብተው አድፍጠዋል። ሐሙስ ማታ ኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ካለው የባንኩ ሒሳብ በድምሩ 951 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ 35 ትእዛዝ ላኩ። ይህን ወረቀት ላይ የሚያወጣው ያ ፕሪንተር ስለሆነ፣ ፕሮግራማቸው እሱንም ዝም አሰኘው። ቀኑን ደግሞ እዩልኝ፦ ዓርብና ቅዳሜ ዳካ ዕረፍት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ኒውዮርክ ዝግ ነው፤ ገንዘቡ የሚያርፍበት ማኒላ ሰኞ የቻይናውያን አዲስ ዓመት ነው። ቅዳሜ ፕሪንተሩ ተጠግኖ ሲነሣ የኒውዮርክ ጥያቄዎች ተራ በተራ ወጡ፤ ዳካ መልሳ ስትደውል ግን ስልክ የሚያነሣ የለም።

አብዛኛውን ገንዘብ ያዳነው ጥበቃ ነው ለማለት ይከብደኛል። የማኒላው ቅርንጫፍ ያለው ጁፒተር ጎዳና ላይ ነበር፤ «ጁፒተር» ደግሞ ማዕቀብ የተጣለበት የኢራን መርከብም ስም ስለነበር ትእዛዞቹ ለማጣራት ቆሙ። ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን የተያዘው «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው። 81 ሚሊዮኑ ግን ሄደ፤ ብዙው በማኒላ ቁማር ቤቶች በኩል ቀለጠ። የባንኩ ገዥ በወሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። አሜሪካ በ2018 አንድ የሰሜን ኮሪያ ዜጋ ከሰሰች።

መከላከያው ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ፕሪንተሩን ከኢንተርኔት መደበቅ፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ ሶፍትዌሩን ማደስ፣ ሲወገድ ዲስኩን አውጥቶ ማጥፋት። ዲስክ አለው እንዴ? የምትሉ ካላችሁ፣ እንደኛው ያለ ትልቅ ማሽን ብዙ ጊዜ አለው፤ ያለፈበትን ወረቀት ምስልም ሊያስቀር ይችላል። በ2010 የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ያገለገሉ ኮፒ ማሽኖች ገዝቶ ሲመረምር የፖሊስ ሰነድና የሕሙማን መረጃ አግኝቶባቸዋል። የሕሙማኑ ማሽን የነበረው የጤና መድን ድርጅት በኋላ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያሉኝ እትዬ ናቸው። የሕመም ፈቃድ ሊወጡ ሰሞን፣ የሐኪም ውጤታቸውን ኮፒ ለማድረግ ሁላችንም እስክንወጣ ይጠብቁ ነበር። አንድ ማታ ጃኬቴን ረስቼ ስመለስ ማሽኑ ጋ ቆመው አገኘኋቸው፤ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉና «ሂድ አንተ ልጅ፣ መሸ» አሉኝ። ምን እንዳመማቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እንዲታወቅም አልፈለጉም።

በሁለተኛው ዓመት ማሽኑ አረጀ ተብሎ በጨረታ ተሸጠ። ከነዲስኩ። ዲስኩን ማንም እንዳልነካው የማውቀው፣ ተሸክመው አይሱዙ ላይ ከጫኑት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው።