አብያተ ክርስቲያናትና የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ እስከ መካነ ኢየሱስ ውሳኔ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ ከዘመሮ ከተማ እስከ ገጠሩ ደብር፣ የሰው ሕይወት ከክርስትና እስከ ፍትሐት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያልፋል። ማኅበርና ሰንበቴ ጎረቤትን ያገናኛሉ፤ የንስሐ አባት የቤተሰብን ምስጢር ይይዛል። በእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያን የገፋችው ሰው ጎረቤትም ቀባሪም ያጣል። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጉዳይ በኢትዮጵያ የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጉዳዩ በደጋው አማራ ዘንድ እንግዳ እንዳልነበረ የተጻፈ ማስረጃ አለ። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ገበሬዎች በሴት ጠባይና አለባበስ የሚኖሩ ወንዶችን ያውቁ እንደነበር፣ እነርሱንም «የእግዚአብሔር ስሕተት» አድርገው ይመለከቷቸው እንደነበር መዝግቧል። አነጋገሩ ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ነገር ግን ጥፋቱን በሰውዬው ላይ አይጭንም።

የመንግሥት ሕግ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ወንጀል አደረገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ይህንኑ አጸና። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ደግሞ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ ክልከላው በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ የሕዝብ እንደራሴዎችን ጠየቁ።

በሌላው ዓለም ግን ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሡ፣ ራሳቸው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ያልሆኑ አጋሮች ድምፅ መሰማት ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 በሳን ፍራንሲስኮ የሜቶዲስት ቄስ ቴድ ማኪልቬናና ሌሎች አገልጋዮች ከተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጋር አንድ ምክር ቤት አቋቋሙ። ምክር ቤቱ በ1965 አዲስ ዓመት ባዘጋጀው የዳንስ ግብዣ ላይ ፖሊስ እንግዶችን ሲያዋክብ ቀሳውስቱ በዓይናቸው አዩ፤ ወዲያውም ጋዜጠኞችን ጠርተው ድርጊቱን አወገዙ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ማይክል ራምሴይ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ኃጢአት ነው እያሉ እንኳ፣ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር በጌቶች ምክር ቤት ድጋፋቸውን ሰጡ። ሕጉ በ1967 ተሻሻለ።

የዓለሙ ክርክር ኢትዮጵያን በቀጥታ የነካው በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በኩል ነው። የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን የመጀመሪያ መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ነበር። ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1959 ራሷን ችላ ስትቋቋም ከስዊድን ጋር የነበራት ዝምድና ጸና፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክም ከወንጌሉ ጋር አብረው ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1972 በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ለነፍስና ለሥጋ የሚደረግ አገልግሎት እንዳይነጣጠል አሳሰበች።

እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድን ቤተ ክርስቲያን ተመሳሳይ ጾታ ያላቸውን ጥንዶች ለማጋባት ወሰነች። በአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዓመት፣ ከተመሳሳይ ጾታ አጋራቸው ጋር በቃል ኪዳን የሚኖሩ አገልጋዮችን ለመቀበል ድምፅ ሰጠች። መካነ ኢየሱስ ውሳኔዎቹን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚጋጩ ናቸው ብላ ተቃወመች፤ በጥር 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤዋም ከሁለቱ ጋር የነበረውን ግንኙነት ማቋረጡን አጸደቀ። ምእመናኗ ከእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀበሉ፣ መድረኳም ለሰባኪዎቻቸው እንዳይከፈት ተወሰነ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የወንጌል ዝምድና በአንድ ጥያቄ ተቋረጠ።

መቀበል የምዕራባውያን ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት የአፍሪካ ታሪክ አይደግፈውም። የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን መግፋት ከአፓርታይድ ጋር የሚመሳሰል በደል ነው እያሉ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አስተማሩ። ኡጋንዳዊው የአንግሊካን ጳጳስ ክሪስቶፈር ሴንዮንጆ፣ ባለትዳርና አባት፣ ከጡረታ በኋላ የተገፉ ወጣቶችን በማማከራቸው በቤተ ክርስቲያናቸው የማገልገል መብታቸውን ተነጠቁ፤ ምክራቸውን ግን አልተዉም።

በኢትዮጵያ ካሉት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚቀበል የለም። የትምህርተ ሃይማኖት ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ሆኖም ሰውን ከድብደባ፣ ከመባረርና ከስድብ መጠበቅ ልዩነቱ እስኪፈታ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። የራምሴይ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ትምህርቱን ያልለወጠ አባትም ለተገፋው ሰው ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ለኢትዮጵያ ካህናት፣ ወላጆችና ጎረቤቶች ይህ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው፤ የሚጀምረውም የንስሐ አባት የሰማውን ምስጢር ሲጠብቅ፣ ቤተሰብም ልጁን ከቤት ሳያስወጣ ሲቀር ነው።