በውሃ ተጉዞ በሐይቅ ወለል የሚከማች ከሰል፦ የአባያና የጫሞ ተፋሰስ

በጋሞ ዞን የሚገኙት የአባያና የጫሞ ሐይቆች ከደጋው ታጥቦ ከሚወርደው አፈር ጋር፣ ከሰደድ እሳትና ከማሳ ቃጠሎ የሚተርፈውን የከሰል ስብርባሪ ይቀበላሉ። ከሰል በቀላሉ የማይበሰብስ በመሆኑ በደለል ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በባሌ ተራሮች የሚገኘው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል የአስታ ቁጥቋጦ የቃጠሎ ታሪክ የተጠናውም በዚሁ ዘዴ ነው።

ይሁን እንጂ በደለል ውስጥ የሚገኘው የከሰል መጠን የቃጠሎውን ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ ከሰሉን ያጓጓዘውን ውሃ ሁኔታም የሚያመለክት ነው።

በአርባ ምንጭ አካባቢ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ደረቅ ሲሆኑ፣ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ይጥላል። በበጋ የተቃጠለ ዳገት ጎርፍን የሚገታ ሽፋን ስለማይኖረው፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ከሰል፣ አመድና አፈር በአንድነት ይታጠባሉ። ከጉጌ ተራሮች የሚነሣው የኩልፎ ወንዝ ጭነቱን ወደ ጫሞ፣ የሐሬ ወንዝ ደግሞ ወደ አባያ ያደርሳሉ።

አዲስ ከሰል ቀዳዳዎቹ በአየር የተሞሉ በመሆናቸው በመጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ሲጠግብ ይሰምጣል። የሚሰምጥበት ጊዜ እንደ እንጨቱ ዓይነት፣ እንደ ቃጠሎው ሙቀትና እንደ ስብርባሪው መጠን ይለያያል። ፍሰቱ በሚረጋበት የወንዝ መግቢያ ከባዱ ሲቀር፣ ደቃቁ እስከ ሐይቁ መካከል ይዘልቃል። ነፋስ ያስነሣው ማዕበልም ጥልቀት በሌለው ዳርቻ የተከማቸውን አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል።

በወንዝ ዳር ተቀብሮ የቆየ ከሰል ዳርቻው ሲሸረሸር እንደገና ሊጓዝ ይችላል። በዚህም ምክንያት በራዲዮ ካርቦን የሚለካው የከሰል ዕድሜ ከተገኘበት ንብርብር ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

የከሰሉ ምንጭም በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ስፋቱ ከ1 ሺህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው አባያ ከሰሜን የሚመጣውን የብላቴ ወንዝ ጭምር ስለሚቀበል፣ በውስጡ የሚገኘው ከሰል ሁሉ ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

ይህ ጉዳይ ለተፈጥሮ ሀብት ሥራ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በተፋሰሱ እርከን ሲሠራና ዳገቱ በዕፅዋት ሲሸፈን፣ ቃጠሎው ባይቀንስም ወደ ሐይቁ የሚደርሰው ከሰል ሊቀንስ ይችላል። በአንጻሩ መሬት ሲራቆት፣ አዲስ ቃጠሎ ሳይኖር የቀድሞው ከሰል ታጥቦ ሊበዛ ይችላል።

በመሆኑም የደለል ጥናትን መሠረት አድርጎ ስለ ሰደድ እሳት ውሳኔ የሚሰጥ አካል፣ ናሙናው ከየትኛው የሐይቁ ክፍል እንደተወሰደ፣ የከሰሉ ስብርባሪ መጠን ምን ያህል እንደሆነና በዚያው ንብርብር የአፈር ክምችቱ ጨምሮ እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።